የዶሮ እግር

ሙእሚን ሀቢቡላህ የሰደበኝ በ1998 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ፣ በገበያ ቀን፣ ከምሳ ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል፣ መካነ ሰላም፣ ልብስ ሰፊው አልታዬ ደጃፍ ላይ ነው። የሰሙት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው አልታዬ ራሱ፣ ሁለተኛዋ የክፍላችን ልጅ ሀናን፣ ሦስተኛው ከከላላ በኩል በቅሎ እየሳበ የመጣ፣ ስሙን የማላውቀው ገበሬ። ገበሬው ምን አገባው! ግን ሰምቷል፤ ዞሮም አይቶኛል። እሱንም አልረሳሁትም።

ያለኝ ይኼ ነው፦

«ያባትህን ዳስ ላለማየት በጉልት ተራ ዞረህ የምታልፍ ልጅ፣ ስለ ምልክት አታውራኝ። በእጅህ ምን ሠርተህ ታውቃለህ?»

ሀናን ሳቀች። ከአሥር ዓመት በኋላ ደሴ አግኝቻት ለምን እንደሳቀች ብጠይቃት «የቱን ቀን ነው የምትለው?» አለችኝ። አታስታውሰውም። ምናልባትም አልሳቀችም። እኔ ግን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ምልክቱን ላስረዳ። አባቴ በሽር ጫማ ሰፊ ነበር። መናኸሪያው አጥር ጥግ ላይ በአራት እንጨትና በሰማያዊ ላስቲክ የቆመች ዳስ ነበረችው፤ ከሩቅ ማስቲሽና የተቃጠለ ጎማ ትሸታለች። ያን ጊዜ የከተማው ሰው እግር አንድ ዓይነት ነው፤ ሁሉም ኮንጎ ጫማ። ጁምዓ ቀን መስጊዱ ደጃፍ ላይ የወለቀውን ጫማ ብታዩት ከጆንያ የፈሰሰ ባቄላ ይመስላል። ሰግዶ የሚወጣ ሰው የማንን እንደሚያጠልቅ አያውቅም። ስለዚህ አዲስ ጫማ የገዛ ሁሉ ከሱቁ በቀጥታ አባቴ ዘንድ ይመጣል። አባቴ ወስፌውን ከሰል ላይ ያግልና ተረከዙ ላይ የቤቱን ምልክት ይተኩሳል። ላንዱ ቤት ማጭድ፣ ላንዱ ግማሽ ጨረቃ፣ ላንዱ ሁለት ነጥብ። ክርስቲያኖቹም ይመጣሉ፤ ቤተ ክርስቲያንም ጫማ ይወልቃል። የእትዬ ብርሀንነሽ ቤት ምልክት ቁልፍ ነበር።

ሕጉ አንድ ነው፤ ያንዱን ቤት ምልክት ሌላው ቤት አይወስድም። ልጅ ገበያ መሀል ቢጠፋ ጫማውን ገልብጠው ያዩና ቤቱ ያደርሱታል። የነሙእሚን ምልክት መንሽ ነበር፤ ሦስት ጥርስና ረጅም እጀታ። የኛ ደግሞ የዶሮ እግር፤ ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ አጭር ጣት ወደ ኋላ። ሌላውን ሁሉ አባቴ ወረቀት ላይ ስሎ ዳሱ ምሰሶ ላይ ሰክቶት ነበር። የኛን ግን አልሳለውም። እጁ ያውቀዋል።

እኔ ያቺን ዳስ አፍርባት ነበር። ትምህርት ቤት «የማስቲሽ ልጅ» ይሉኛል። ከትምህርት ስወጣ አቋራጩን ትቼ በጉልት ተራ፣ በሽንኩርትና በበርበሬ ሻጮቹ መሀል ዞሬ ነው ቤቴ የምገባው። ሙእሚን ያለው እውነት ነው። እውነት መሆኑ ግን ስድብነቱን አይቀንሰውም።

አሁን ወደ ጫማው ልምጣ።

ሙእሚን አባቱ የሞተው ገና ዳዴ ሲል ነው። እህቱ ኑርጃን ጂዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ባገር ሰው እጅ አንድ ካርቶን ላከችለት፤ ውስጡ ነጭ እስኒከር። ነጭ ስላችሁ ወተት ዓይነት ነጭ። ሶሉ ወፍራም፣ ውስጡ እንደ ሕፃን አልጋ ለስላሳ። እንዲህ ያለ ጫማ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ ኳስ የሚያነጥሩ ጥቁር አሜሪካኖች እግር ላይ ብቻ ነበር ያየነው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሊያየው መጣ። ሙእሚን በጥርስ ብሩሽ ያጥበዋል፤ አፍንጫው እንዳይጨማደድ ጋዜጣ ይጠቀጥቅበታል፤ ጭቃ ካለ አውልቆ በብብቱ ይይዘውና በባዶ እግሩ ይሄዳል። እኛ ሳቅንበት። ወዲያው ግን ሁላችንም ኮንጎ ጫማችንን በጥርስ ብሩሽ ማጠብ ጀመርን።

ልዩነቱ፣ እኛ ጫማውን ስናይ እግር ነበር የምናየው። እሱ ስፌቱን ያይ ነበር። ገልብጦ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ክሩን በጥፍሩ እየቆጠረ። አንድ ሳምንት ሳይቆይ ከገበያ ተራ ሸራ ጫማ ገዝቶ ዙሪያውን ካሮጌ የመኪና ጎማ በቆረጠው ላስቲክ አለበሰው፤ ጎኑን በጫማ ቀለም አጠቆረው። አስቀያሚ ነበር። ግን በከተማው እንደሱ ያለ ሌላ አልነበረም፤ ለልጅ ደግሞ ከዚያ በላይ ምን አለ?

ከዚያ ካናቴራው ተከተለ። ባለፈው ዓመት ምርጫ ነበር፤ የክትባት ዘመቻም እንደዚያው፤ ከተማው በነፃ ካናቴራ ተጥለቅልቋል። ሰው ሁሉ ደረቱ ላይ የማይፈልገው ጽሑፍ አለ። ሙእሚን ካናቴራውን ይገለብጠዋል። ጽሑፉ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስፌቱ በውጭ ይቀራል። አልታዬ ምሳውን ሲበላ ሲንጀሩን ይለቅለታል፤ እሱ ስፌቱን በቀይ ክር ይደግምበትና ደረቱ ላይ ከጥቁር ላስቲክ የቆረጠውን ምልክት ይሰፋበታል።

«ምንድነው ይኼ ግልብጥ?» ይለዋል አልታዬ እንጀራውን እየጎረሰ። «ሰው አስተካክሎ ይለብሳል፤ አንተ ገልብጠህ ታለብሳለህ!»

«እንዲህ ነው የሚያምረው ጋሽ አልታዬ። ሌላ ቦታ የለም።»

«ሌላ ቦታ ያልኖረው አስቀያሚ ስለሆነ ነዋ!»

ይስቃሉ። ግን አሥራ ምናምን ልጅ ለብሶታል፤ ሀናንም ለብሳዋለች። ደረታቸው ላይ ያለው ምልክት ደግሞ መንሽ አይደለም። የዶሮ እግር ነው።

የኔ ቤት ምልክት። ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ አጭር ጣት ወደ ኋላ።

መጀመሪያ ያየሁት ነጩ እስኒከር ተረከዝ ላይ ነበር። ሙእሚን እንደ ማንኛውም ሰው አባቴ ዘንድ ወስዶ አስተኩሶታል። ነጭ ላይ ጥቁር፣ አባቴ ከተኮሰው ሁሉ ያማረው። የዚያን ቀን ቤት ገብቼ ምሳ አልበላሁም። ምልክት የቤት ነው። ሁለት ቤት አንድ ምልክት የለውም። ታዲያ ሙእሚን የማን ቤት ልጅ ነው?

ከዚያ ወዲህ አየዋለሁ። ከትምህርት ስንወጣ እኔ በጉልት ተራ ስዞር እሱ በቀጥታ ዳሷ ይገባል። አንዴ ከሽንኩርት ሻጮቹ ጀርባ ቆሜ አየኋቸው። ሙእሚን ክሩን ባፉ አርሶ መርፌው ውስጥ እያስገባ ለአባቴ ያቀብለዋል። ሰው ሲመጣ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብሎ ያንሾካሹካል። አባቴ ይስቅና እጁን ትከሻው ላይ ያደርጋል። እኔ ዳሷ አጠገብ ብታይ «ሂድ፣ ደብተርህን አጥና» ነው የምባለው። ትከሻዬን አይነካም። ሥራውን ለኔ ሳይሆን ለሱ እያወረሰው ነው አልኩ።

ያንሾካሹክ የነበረው «እትዬ የሻለም ናቸው የመጡት፣ ቡኒውን ጫማ ነው የያዙት» እያለ እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ ምስጢር መሰለኝ።

አንድ ጠዋት ደግሞ ከመጋረጃው ወዲያ አባቴንና እናቴን ሰማኋቸው።

«ንገረው እንጂ ለልጁ» አለች እናቴ ራሕማ። «ነገ ከሰው አፍ ቢሰማውስ?»

«ትምህርቱን ይጨርስ።»

«ሙእሚን ያውቅ የለ?»

«ሙእሚን ያውቃል። ወላሂ፣ እሱ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር?»

በቃ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይኼን ሰምቶ ሌላ ምን ይላል? ሙእሚን ያባቴ ልጅ ነው አልኩ። ከሌላ ሴት የወለደው። ምልክቱን የሰጠው ለዚህ ነው፤ ትከሻውን የሚነካው ለዚህ ነው። እናቴ እያወቀች ችላ ነው የምትኖረው። ለእናቴ ስል ማልቀስ ሁሉ ሞከርኩ፤ እንባው ግን ለራሴ ነበር።

በዚያው ሳምንት ነው አልታዬ ደጃፍ ሄጄ «ምልክቱ የኛ ቤት ነው፤ አውልቀው!» ያልኩት። እሱም ያለውን አለኝ። በእጅህ ምን ሠርተህ ታውቃለህ?

ሦስት ቀን ተኛሁበት። ጁምዓ ደረሰ።

መስጊዱ ደጃፍ ላይ ጫማውን የሚያይ ሙሐመድኑር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም፤ እግራቸው ስለማይታጠፍ ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ሆነው ነው የሚሰግዱት፤ እግረ መንገዳቸውን ጫማውን ያያሉ። ሶላቱ እንዳበቃ ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁ። ነጩን እስኒከር አንስቼ እዚያው ፊታቸው አጠለቅኩት። ልኬ ነው። ለእግሬ የተሠራ ነው የሚመስለው።

«ያንተ ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

«የቤታችን ምልክት አለበት፤ ይዩት።» ተረከዜን አዙሬ አሳየኋቸው።

ጎንበስ ብለው አዩ። «እውነትህን ነው፣ የበሽር ቤት ነው። ማሻአላህ፣ ያማረ ጫማ ነው፤ በደህና ልበሰው።»

በጠራራ ፀሐይ፣ በመናኸሪያው በኩል፣ ባባቴ ዳስ ፊት ለፊት፣ በአስፋልት እንደሚሄድ ሰው ሄድኩ። ያን ቀን ብቻ በጉልት ተራ አልዞርኩም። ሰው ሁሉ እግሬን ያያል። ወላሂ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የተራመድኩበት ቀን የለም። አባቴም ወደ መንገዱ ዞሮ ነበር። አይቶኝ ዝም አለኝ ብዬ ይበልጥ ተናደድኩ።

ወንዝ ወረድኩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ምላጭ አወጣሁ። ጫማውን የመስረቅ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ጫማው የሱ ነው፤ እህቱ ናት የላከችለት። የምፈልገው የኔን ነው። ከሁለቱም ተረከዝ ምልክቱ ያለበትን አራት ማዕዘን አድርጌ ቆርጬ አወጣሁት። አንድ ጣት እንዳይቆረጥብኝ ቀስ ብዬ። ጫማውን አልታዬ ደጃፍ ወርውሬ፣ ሁለቱን ቁራጭ በኪሴ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ምልክታችንን አስመለስኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ዳሷ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ሙሐመድኑር፣ አልታዬ፣ ሙእሚን። እኔን እናቴ በእጄ ይዛ አመጣችኝ። ሙእሚን የተበሳውን ጫማ ታቅፎ ነበር፤ ሰው ሕፃን የታቀፈ ይመስላል። አላለቀሰም። ቢያለቅስ ደስ ይለኝ ነበር።

«በሽር» አሉ ሙሐመድኑር፣ «እኔ ልጅህን የለቀቅኩት ያንተን ምልክት አይቼ ነው። የዶሮ እግር ያንተ ቤት ነው። እኔን በሰው ፊት አታሳፍረኝ።»

«የዶሮ እግር?» አለ አባቴ። «የሙእሚን ጫማ ላይ? የሱ እኮ መንሽ ነው።»

ከኪሴ አውጥቼ ሁለቱን ቁራጭ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። «ይኸው!» አልኩ። «ራስህ የተኮስከውን እየው!»

አላየውም። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስት ጊዜ። አጭሯን ጣት ሲያገኛት እጁ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ። አፍሮ ነው አልኩ፤ የደበቀው ልጅ ተገልጦበት። ሙእሚን አፉን ሊከፍት ሲል አባቴ ድምፁን ወደሰማበት ዞሮ «ዋ!» አለው። ሙእሚን ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለ አባቴ። «አውቄ ነው የሰጠሁት። ከዛሬ ጀምሮ የዶሮ እግር የሙእሚን ነው።»

«ታዲያ ልጅህ . . .» አሉ ሙሐመድኑር።

«ልጄ ጫማው የማን እንደሆነ ያውቃል። ሰርቋል።»

እንዲህ ነው ያለው። በሦስት ሰው ፊት፣ በእናቴ ፊት። «ለኔ ቤት ሌላ ምልክት አወጣለሁ» ብሎ ጨመረ። አላወጣም። ከዚያ ቀን ወዲህ እግሬ ያጠለቀው ጫማ ሁሉ ምልክት የለውም።

«የማስቲሽ ልጅ» ቀርቶ «ጫማ ሌባ» ሆንኩ። ሰባተኛ ክፍልን ሳልጨርስ በጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኜ ወጣሁ፤ መካነ ሰላም፣ ወረኢሉ፣ ደሴ፤ ደሴ፣ ወረኢሉ፣ መካነ ሰላም። በየመንገዱ የዶሮ እግር ይከተለኛል። መጀመሪያ ወረኢሉ አውቶቡስ ላይ አንድ ተማሪ ደረት ላይ አየሁት። ከዚያ ከላላ፣ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ጎረምሳ እግር ላይ። ከዚያ ደሴ። ስፌቱ በውጭ፣ ቀይ ክር፣ ተረከዝ ላይ ሦስት ጣት። ሙእሚን ዳሷን ይዟታል አሉ፤ አባቴ አጠገቡ ተቀምጦ በእጁ እየዳበሰ «ይኼኛው ስፌት ላልቷል» ይለዋል አሉ። እኔ ቤት የምገባው በዒድ ብቻ ነበር፤ እሱንም በጉልት ተራ ዞሬ።

አባቴ በ2004 ሞተ፣ አላህ ይዘንለትና። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን እናቴን ጠየቅኳት። ስድስት ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየውን ነገር፣ በቃ በቀጥታ። «ሙእሚን ያባቴ ልጅ ነው?»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እያለቀሰች ትሁን እየሳቀች አላወቅኩም።

«አባትህ ዓይኑ ነበር የጠፋው» አለችኝ። «በዘጠና ሰባት ጀመረው። በዘጠና ስምንት የሰው ጥላ ብቻ ነበር የሚያየው። መንሽ እየተኮሰ መስሎት እጁ የለመደውን ተኮሰ። ለዕውር ሰፊ ማን ጫማ ይሰጠዋል? ሦስት ሆነን በምን እንበላ ነበር?»

«ለኔ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ካወቅክ ትምህርትህን ጥለህ ዳሱ ትቀመጣለህ ብሎ ፈራ። ሙእሚንን በቁርአን አስምሎታል።»

«ጥዬ የለ እንዴ?»

«ጣልክ» አለች እናቴ። «ግን ወደሱ አይደለም።»

አስቡት እንግዲህ። ያን ቀን አባቴ ሁለት መንገድ ነበረው፤ ወይ ዓይኑ መጥፋቱን መናገር፣ ወይ እኔን ሌባ ማድረግ። ዓይኑን አዳነ። ለኛ እንጀራ ብሎ ነው፤ ገብቶኛል። እዚያው እንጀራ ላይ እኔም ነበርኩ። ሙእሚንም ያውቅ ነበር፤ መሐላ ብሎ ዝም አለ። ሁለቱም ደግ ናቸው። ክፉው እኔ ብቻ ነኝ። እስቲ በዚህ ማን አይናደድም?

በ2008 ነው፣ ደሴ። የያዝነው ጭነት ካርቶን ነበር። ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ ደጃፍ አቁመን ማውረድ ጀመርን። ደጃፉ ላይ ወደ አርባ የሚሆኑ ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፈዋል። አዲስ ጫማ ዛሬ ይወጣል አሉ። አንዱ ልጅ ያሮጌው እስኒከሩ አፍንጫ እንዳይጨማደድ በተረከዙ ብቻ እየተራመደ ነበር። ሦስተኛውን ካርቶን ትከሻዬ ላይ ሳደርግ ጎኑን አየሁት። የዶሮ እግር። ቀና ስል ከበሩ በላይ አለ፤ የእኔን ቁመት የሚያክል።

«ጀብሪል!»

ሙእሚን ነው። ወፍሯል። የለበሰው ካናቴራ ስፌቱ በውጭ ነው።

«አሰላሙ ዓለይኩም! ያረብ፣ አንተ ነህ? አውርደው አቦ፣ አውርደው ካርቶኑን!» ትከሻዬን ያዘኝ። አባቴ የሱን ይይዝ እንደነበረው። ወደ ተሰለፉት ልጆች ዞረ። «ጋሽ በሽር ያልኳችሁ ሰውዬ፣ ይኼን ምልክት ያወጡት፣ የሳቸው ልጅ ነው። ቤቱ የነሱ ነው!»

ልጆቹ አዩኝ። እግሬን አዩ። ረዳት የሚያደርገውን ነው ያደረግኩት፤ ተረከዙ የተረገጠ፣ ምልክት የሌለው ሸራ ጫማ።

ሙእሚንም አየው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አብሽር ወንድሜ» አለኝ። «ያኔ አልታዬ ደጅ ያልኩህን . . . ልጅ ነበርኩ።» ረስቶት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወደ ውስጥ ገብቶ አንድ ካርቶን ይዞ ወጣ፤ ከፈተው። ነጭ። ተረከዙ ላይ ጥቁር፣ አጭሯ ጣት ሳትቀር፣ አባቴ እንደተኮሰው።

«ቁጥርህ ስንት ነው?» አለኝ።

አርባ ሰው መልሴን ይጠብቃል።

ቁጥሬን ያውቀዋል። ያን ጁምዓ የሱ ጫማ እግሬ ላይ እንዴት እንደገባ መካነ ሰላም በሙሉ አይቷል። ቁጥራችን አንድ ነው።

የቀረውን ካርቶን መኪናው ላይ እንዳለ ተውኩት። በሰልፉ ጎን አልፌ፣ ወደ ታች፣ በአትክልት ሻጮቹ በኩል ዞሬ ሄድኩ።